ቆብን በራስ ላይ ስለ ማጽናት

ከሰው ልብስ ሁሉ ስሕተቱ ቶሎ የሚታየው የራስ ልብስ ነው። ቀሚስ በመጠኑ ቢሰፋ፣ ጫማ በመጠኑ ቢጠብ ተመልካች ሳያስተውለው ሊያልፍ ይችላል። ዘውድ ጆሮ ላይ ሲወርድ፣ ጥምጣም ከግንባር ተነጥሎ በአየር ላይ ሲቆም ግን ንጉሡም ካህኑም በአንድ አፍታ መሳቂያ ይሆናሉ። የቴአትር ሰዎች ይህንን ጠንቅቀው ያውቁታል። በሐዘን ትርኢት መካከል የተንሸራተተ አንድ ዘውድ የወራት ልምምድ ያፈርሳል፤ አዳራሹ አንድ ጊዜ ከሣቀ በኋላ ወደ እንባ የሚመለስበት መንገድ የለም ማለት ይቻላል።

ይኸው የቆየ ችግር ዛሬ መድረክ፣ ተዋናይና ቆብ ሰፊ በሌሉበት ስፍራ እንደገና ተከሥቷል። ስፍራው የቪዲዮ ጨዋታ ነው። ችግሩ የሚደርስባቸው ሰዎች ደግሞ ጨዋታውን የፈጠሩት ባለሙያዎች ብቻ አይደሉም፤ ጨዋታውን ገዝተው፣ ከፍተው፣ ገጸ ባሕርያቱን በራሳቸው አሳብ እንደገና የሚያለብሱት ተጫዋቾች ናቸው።

ተጫዋቾች የተሸጠላቸውን ሥራ እንደ ተቀበሉት ትተውት አያውቁም። እ.ኤ.አ. በ1993 ዱም የተባለው ጨዋታ ሲወጣ ሥዕሎቹና ካርታዎቹ ከዋናው ፕሮግራም ተለይተው የተቀመጡ ስለ ነበሩ ማንም ትዕግሥት ያለው ሰው የራሱን ሊተካባቸው ቻለ። በ1999 ሃፍ ላይፍ በተባለ ጨዋታ ላይ ተሠርቶ የቀረበው ካውንተር ስትራይክ በሚቀጥለው ዓመት ራሱን ችሎ ለገበያ ዋለ። ስካይሪም በኅዳር 2011 ከወጣ በኋላ ደግሞ አዘጋጁ ኩባንያ ቤቴስዳ በ2012 መጀመሪያ ላይ ክሪኤሽን ኪት የተባለውን መሥሪያ ለተጫዋቾች ለቀቀ። እንዲህ ያለው ጭማሪና ለውጥ «ሞድ» ይባላል። (በአዲስ አበባ ወጣቶች ዘንድ «ሞድ መያዝ» ማለት በሰው ላይ ማሾፍ መሆኑ ገጠመኝ ነው፤ ቆቡ በተንጋደደ ጊዜ ግን ሁለቱ ትርጉሞች ይገናኛሉ።)

አንድ ሞድ ሠሪ አዲስ የራስ ቁር ወይም አዲስ ዘውድ ሠርቶ ለገጸ ባሕርዩ ሲያለብስ የሚያየው ነገር ብዙ ጊዜ ያሰበውን አይደለም። ቁሩ በሁለቱ እግሮች መካከል መሬት ላይ ተቀምጦ ይገኛል። ወይም ከገጸ ባሕርዩ በላይ የአንድ ሰው ቁመት ያህል ከፍ ብሎ እንደ ደመና ይከተለዋል። ወይም በጎኑ ተኝቶ ፊትን በሙሉ ይውጣል። ጀማሪው ያን ጊዜ የሚያደርገው ግልጽ ነው፤ ቆቡን ይዞ እየጎተተ ወደ ራሱ ያመጣዋል፣ ጥቂት ዝቅ፣ ጥቂት ወደ ኋላ፣ በመጨረሻም ልክ ሆነ ብሎ ይተወዋል። በቆመው ምስል ላይ በእርግጥ ልክ ነው። ገጸ ባሕርዩ አንገቱን ወደ ግራ ያዞረ እንደ ሆነ ግን ፊቱ ይዞራል፣ ቆቡ ወደ ፊት እያየ ይቀራል። ሰውየው ተራምዶ ይሄዳል፣ ባርኔጣው ከነበረበት አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይጠብቀዋል።

ተዋናይ ዘውዱ ሲንሸራተት እጁ ሳያዝዘው ይነሣል። የኮምፒዩተሩ ገጸ ባሕርይ ቆብ መልበሱን አያውቅም። ራሱንም እንደ ራስ አያውቀውም። እንግዲህ ማስተካከያው መጀመር ያለበት ከዚህ ነው።

ገጸ ባሕርይ በሁለት ነገር የተሠራ ነው። አንደኛው በሺህ ከሚቆጠሩ ነጥቦችና ነጥቦቹን ከሚያገናኙ ጥቃቅን ሦስት ማዕዘኖች የተሸመነው ቆዳው ሲሆን፣ ሁለተኛው በውስጡ ያለው የማይታይ አጽም ነው። የሚንቀሳቀሰው አጽሙ ነው፤ ቆዳው የሚከተለው ነጥቦቹ ከአጥንቶቹ ጋር ስለ ታሰሩ ነው። አጽሙ ሁሉ የሚለካው ከአንድ መነሻ ነጥብ ነው፤ ይህም ነጥብ በስካይሪም በገጸ ባሕርዩ እግሮች መካከል መሬት ላይ ይገኛል። የራሱ አጥንት ከዚያ ነጥብ ወደ ላይ 120 አሃድ ያህል ይርቃል።

ከዚህ ልኬት ሁለቱም የታወቁ ስሕተቶች ይፈታሉ። በመነሻው ነጥብ ዙሪያ ተቀርጾ ከማንኛውም አጥንት ጋር ሳይታሰር የቀረ ቆብ የራሱን ከፍታ ከማንም ስላልተቀበለ እግር ሥር ይወድቃል። አስቀድሞ በ120 ከፍታ ላይ ተቀርጾ ሳለ እንደገና በራስ አጥንት ሥር የተጨመረ ቆብ ደግሞ ያንኑ ከፍታ ሁለት ጊዜ ይቀበላልና 240 ላይ ይንሳፈፋል። አንዱ ከፍታውን ጨርሶ አልቆጠረም፣ ሌላው ደግሞ ደገመው። ሁለቱን በዓይን ብቻ ያየ ሰው ስሕተቶቹ የማይዛመዱ ይመስሉታል። ሆኖም የአንድ ጥያቄ ሁለት የተሳሳቱ መልሶች ናቸው፤ ጥያቄውም ይህ ቆብ ሥፍራውን የሚያገኘው ከማን ነው የሚል ነው።

ትክክለኛው መልስ የሚገኘው በማሰሩ ሥራ ውስጥ ነው። ቆቡ ከራስ አጥንት ጋር ሲታሰር በዚያች ሰዓት አጥንቱ የት እንደ ነበረና ወዴት እንደ ዞረ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ከዚያ ወዲያ ገጸ ባሕርዩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ኮምፒዩተሩ መጀመሪያ ያንን የተመዘገበ ሥፍራ ከቆቡ ነጥቦች ላይ ይቀንሳል፤ ቀጥሎ አጥንቱ አሁን ያለበትን ሥፍራ ይጨምራል። ቆቡ የተወለደበትን ቦታ ይተውና ራሱ ያለበትን ቦታ ይይዛል። ይህ በየሰከንዱ ብዙ ጊዜ ለእያንዳንዱ ነጥብ ይደገማል። መዝገቡ ከተዛባ፣ ለምሳሌ ቆቡ ገጸ ባሕርዩ አንገቱን ባዘነበለበት ሰዓት ከታሰረና አጽሙ ግን ቀጥ ብሎ እንደ ቆመ ከተመዘገበ፣ ያ ዝንባሌ ለዘለዓለም ከቆቡ ጋር ይኖራል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሞድ ሠሪ ቆብ ከማሰሩ በፊት አጽሙን ወደ መነሻ አቋሙ ይመልሰዋል፤ ልብስ ሰፊ ደንበኛውን ቀጥ ብለህ ቁም እንደሚለው ማለት ነው።

የዘንግና የመጠን ነገር ብዙ ሊያዘገይ አይገባም። ብሌንደር የተባለው መቅረጫ (የዚህ መሣሪያ ምስጢራዊ ጽሑፍ በ2002 ከሕዝብ በተዋጣ 100,000 ዩሮ ተገዝቶ ለሁሉም ነፃ የሆነ መሆኑ ሊታወስ ይገባል) ወደ ላይ የሚያመለክተውን ዘንግ «ዜድ» ሲለው፣ ዩኒቲ የተባለው የጨዋታ መሥሪያ «ዋይ» ይለዋል። በሁለቱ መካከል ያለ ትርጉም የተሻገረ ባርኔጣ 90 ዲግሪ ወድቆ ይደርሳል። ብሌንደር በሜትር ሲለካ አንሪል በሴንቲ ሜትር ይለካልና ልወጣው የተዘነጋ እንደ ሆነ ዘውዱ አንድ መቶ ጊዜ አንሶ የሰናፍጭ ቅንጣት ይሆናል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከመላኩ በፊት ዙረቱንና መጠኑን በቅርጹ ላይ አጽንቶ መላክ ነው።

ሰፋ ያለ ትዕግሥት የሚጠይቀው የስምና የክብደት ሥራ ነው። ቆቡ የራስ አጥንትን የሚያውቀው በስሙ ነው። ስሙ በአንዲት ፊደል፣ በአንዲት ክፍት ቦታ እንኳ ቢለይ ጨዋታው እንዲህ ያለ አጥንት አላውቅም ብሎ ቆቡን ይተወዋል። ስሙ ከተገኘ በኋላ ደግሞ እያንዳንዱ ነጥብ ለየትኛው አጥንት ምን ያህል እንደሚታዘዝ ይወሰናል፤ በስካይሪም አንድ ነጥብ እስከ አራት አጥንት ሊከፋፈል ይችላል፣ ድምሩ ግን አንድ መሆን አለበት። ብረት የሆነ የራስ ቁር ነጥቦቹ ሁሉ ሙሉ በሙሉ ለራስ አጥንት መታዘዝ አለባቸው። ከታችኛው ጠርዙ ጥቂቱ እንኳ ለአንገት የተሰጠ እንደ ሆነ ብረቱ አንገት በዞረ ቁጥር እንደ ጎማ ይለመጣል። ነጠላ ግን እንዲህ አይደለም። በራስ ላይ ተከናንቦ በትከሻ ላይ የወደቀ ነጠላ አናቱ ለራስ፣ መካከሉ ለአንገት፣ ጫፉ ለትከሻና ለደረት መታዘዝ ይኖርበታል፤ ከአንዱ ወደ አንዱ የሚሸጋገረውም በድንገት ሳይሆን ቀስ በቀስ ነው። ሁሉንም ለራስ የሰጠ ሰው ነጠላውን እንደ ቆርቆሮ አደረቀው። የጨርቅን ጠባይ በእጁ የማያውቅ ሰው ይህን ክፍፍል በቁጥር ሊያገኘው ያዳግተዋል፤ እናቱ ነጠላ ስታጣፋ ያየ ልጅ ግን ከየትኛው እጥፋት ላይ ክብደቱ እንደሚለወጥ ሳይነገረው ያውቀዋል።

ከዚህ ቀጥሎ ፀጉር ይመጣል፤ ብዙውም ጣጣ ያለው በእርሱ ዘንድ ነው። ፀጉር ራሱን የቻለ ቅርጽ ስለሆነ ቆብ ሲደፋበት አይተኛም፤ ሰንጥቆት ይወጣል። ስካይሪም ይህንን የፈታው በቁጥር በተለዩ የአካል ክፍሎች ነው። ቁጥር 31 የፀጉር ሲሆን ቁጥር 42 የዘውድ ነው። 31ን የያዘ የራስ ልብስ ፀጉሩን ያጠፋዋል። ስለሆነም ቀጭን የወርቅ ዘውድ ሠርቶ በስሕተት 31ን የሰጠው ሰው ንግሥቲቱን መላጣ አድርጎ ያነግሣታል። በአንጻሩ ሰፊ የራስ ቁር ሠርቶ 42ን ብቻ የሰጠው ፀጉሩን በብረቱ ውስጥ እንደ እሾህ አብቅሎ ያገኘዋል።

አሁን በፎቶግራፎቻቸው ላይ ያሉትን ዐፄ ምኒልክን ማሰብ ነው። በብዙዎቹ ላይ ራሳቸውን በነጭ ጨርቅ አስረው በላዩ ሰፊ ክፈፍ ያለው ጥቁር ባርኔጣ ደፍተው ይታያሉ። ሁለት የራስ ልብስ በአንድ ራስ ላይ መሆኑ ነው። ሁለቱም 31ን ከያዙ አንዱ ሲለበስ ሌላው ይወልቃል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ወይ ሻሽ ወይ ባርኔጣ መምረጥ ግድ ይሆንባቸዋል። ሻሹ 31ን፣ ባርኔጣው 42ን የያዙ እንደ ሆነ ግን ሻሹ ፀጉሩን ይሸፍናል፣ ባርኔጣው በሻሹ ላይ ያርፋል። የሁለቱ ገጽ በአንድ ልክ ላይ ከተደራረበ ኮምፒዩተሩ የትኛውን ፊት እንደሚያሳይ እያመነታ ስለሚያብለጨልጭ ባርኔጣውን በጥቂት ማላቀቅ ያስፈልጋል። በመልኩም ትክክል የሚሆነው እንዲሁ ነው፤ ባርኔጣ በታሰረ ራስ ላይ ሲደፋ በእርግጥ ጥቂት ከፍ ይላልና።

ኢትዮጵያ በእነዚህ ጨዋታዎች ውስጥ እንግዳ አይደለችም። ኤጅ ኦቭ ኢምፓየርስ ቁጥር ሁለት በ2015 ባወጣው የአፍሪካ ክፍል ኢትዮጵያውያንን ከነሾተላቸው አስገብቷል። ሲቪላይዜሽን ቁጥር ስድስትም በ2020 ዐፄ ምኒልክን መሪ አድርጎ አቅርቧል። ይሁንና መግባት አንድ ነገር ነው፤ የገቡበት ራስ የማን ራስ ነው የሚለው ሌላ ነው።

እያንዳንዱ ጨዋታ አንድ መደበኛ ራስ አለው። ቆቦች ሁሉ የሚሰፉት በእርሱ ልክ ነው። ስካይሪም ውስጥ የእንሽላሊትና የድመት ፊት ያላቸው ሕዝቦች ስላሉ አዘጋጆቹ ለእነርሱ የራስ ቁሮችን ለየብቻ ቀርጸዋል። ሞድ ሠሪው ለእነርሱ ሳይቀርጽ ወይም ስማቸውን ከቆቡ መዝገብ ውስጥ ሳያስገባ የቀረ እንደ ሆነ ገጸ ባሕርዩ ቆቡን ለብሷል ተብሎ ይመዘገባል፣ በዓይን ግን ምንም አይታይም። ቲም ፎርትረስ ቁጥር ሁለት በተባለው ጨዋታ ዘጠኝ ዓይነት ወታደሮች አሉ፤ የአንዱ ራስ ከሌላው አይገጥምም። ስለዚህ ለሁሉም የሚሆን ባርኔጣ የሚሠራ ሰው አንዱን ባርኔጣ ዘጠኝ ጊዜ ያስተካክለዋል። አድካሚ ነው፤ ግን ራስ ለቆብ ሳይሆን ቆብ ለራስ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር የለም።

ጎፈሬ ያለው ራስ በብዙ ጨዋታዎች ዘንድ ይህን ያህል እንኳ አልታሰበለትም። ፀጉር በጨዋታ ውስጥ የሚሠራው በአብዛኛው ፀጉር ከተሳለባቸው ቀጫጭን ሪባን መሰል ቅጠሎች ነው። ይህ ዘዴ ወደ ታች ለሚፈስ ለስላሳ ፀጉር የሚመች ሲሆን ክብ ሆኖ ለሚቆመው፣ ጥቅጥቅ ላለው ፀጉር ግን ይቸግራል። በሹሩባ ላይ የሚታሰር ሻሽ ከሥሩ የሹሩባው መስመር ጥቂት እንዲታይ ይፈልጋል፤ ከኋላ ደግሞ የተለቀቀው ፀጉር ከሻሹ ሥር ብቅ ማለት አለበት። 31ን ሰጥቶ ፀጉሩን ማጥፋት ሴቲቱን መላጣ ከማድረግ የማይሻል መፍትሔ ነው። ትክክለኛው መንገድ ሻሹንና ከሻሹ ውጭ የሚቀረውን ፀጉር እንደ አንድ ቅርጽ መሥራት ነው። ጎፈርም እንዲሁ ነው። የአንበሳው ጋማ ፀጉር ነው፣ ግን እንደ ቆብ ይለበሳል፣ ሲራመዱ ደግሞ ይርገፈገፋል። ሥሩ ለራስ አጥንት ሲታዘዝ ጫፉ የራሱ ጥቃቅን አጥንቶች ያስፈልጉታል። ለራስ ብቻ የታሰረ ጎፈር እንደ መጥረጊያ ነው፤ ጀግናውንም ከመድረኩ ዘውድ የባሰ ያዋርደዋል።

እዚህ ላይ ሥዕልና ቴአትር የሚያስተምሩ ሰዎች ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ። በየፕሌይስቴሽን ቤቱ የሚቀመጡ ልጆች ስለ ጥንት ጦረኛ መልክ ከመማሪያ መጽሐፍ የማያንስ ትምህርት ከማያው ላይ ያገኛሉ። የቄስ ጥምጣም እንደ ባርኔጣ ግንባር ላይ ተደፍቶ ካዩት እንደዚያ ይቀራል። ፎቶግራፍ አንሥቶ ለሠሪዎች መላክ አይበቃም፤ ፎቶግራፍ የጥምጣሙን ፊት እንጂ ጨርቁ ከየት ተነሥቶ በየት በኩል እንደ ዞረና ጫፉ የት እንደ ተወተፈ አያሳይም። ጥምጣም የሚጠመጥም ሰው ከሚቀርጸው ሰው ጎን መቀመጥ አለበት። በሙዚየም ያለው ጎፈርም ከመስተዋት ውጭ፣ ከውስጥ በኩል፣ በራስ ላይ የሚያርፍበት ክብ ሊለካ ይገባል። ይህ ወጪው አነስተኛ ነው፤ የሚጎድለው ሁለቱን ባለሙያዎች በአንድ ክፍል የሚያገናኝ አካል ነው።

የድካሙ ዋጋ ለማን ይገባል የሚለው ጥያቄም ከቆብ ጋር ተያይዞ ተነሥቷል። ቲም ፎርትረስ ቁጥር ሁለት በ2009 ባርኔጣዎችን ካስገባ በኋላ በ2010 መደብር ከፍቶ ተጫዋቾች የሠሯቸውንም መሸጥ ጀመረ፤ ለሠሪዎቹ ከሽያጩ 25 በመቶ ይከፈል ነበር። በሚያዝያ 2015 ያንኑ ድርሻ ይዞ የስካይሪምን ሞዶች በገንዘብ የማስሸጥ ሙከራ ሲደረግ ግን ተጫዋቾቹ በብርቱ ስለ ተቃወሙ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተሠረዘ። ተቃውሞው አንድ ወጥ አልነበረም። አንዳንዱ ነፃ የነበረው ነገር ነፃ ይቆይ ያለ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ሠሪው ሩቡን፣ ሌሎች ሦስት ሩቡን መውሰዳቸው ያስቆጣው ነው። የሁለተኛው ወገን ክርክር የበለጠ ሚዛን ይደፋል። ሌሊቱን ሙሉ ቀምጦ ባርኔጣውን በዘጠኝ ራስ ላይ ያስተካከለው ሰው ሠራተኛ ነው።

ቆቡ በራሱ ላይ ከጸና በኋላም ሠሪው ወዲያው አያምነውም። ገጸ ባሕርዩን ያስኬደዋል፣ ያስሮጠዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ወደ ሰማይና ወደ መሬት ያሳየዋል፣ ውኃ ውስጥ ያስዋኘዋል። በተለይ ማጅራቱን ከኋላ ይመለከታል፤ ስሕተት የሚሸሸገው እዚያ ነውና። ከዚህ ሁሉ የማይፈተን አንድ እንቅስቃሴ ግን አለ። የአገራችን ሰው ትልቅ ሰው ሲያገኝ ባርኔጣውን አንሥቶ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣል። ያን ጊዜ ባርኔጣው ከራስ አጥንት ተፈትቶ ለእጅ አጥንት መታሰር፣ ሰላምታው ሲያልቅም እንደገና ወደ ራስ መመለስ አለበት፤ በሁለቱ መካከል ባለችው ቅጽበት ደግሞ ወደ መሬት እንዳይወድቅ ከሁለቱም ጋር መሆን ይገባዋል። ስካይሪም ይህን አይችልም። ባርኔጣ ሲወልቅ ከራስ ላይ ድንገት ይጠፋል፣ እጅም ባዶውን ይቀራል። ይህን ሰላምታ የሚሠራ ሞድ ሠሪ እንቅስቃሴውን ከጎንበስታው ጀምሮ ራሱ መቅረጽ ይኖርበታል።